ከየት ነው የምትለኩት?

ጥያቄው የተጠየቀው አፋር ውስጥ፣ በአሰብ መንገድ ላይ ባለችው ማንዳ ነው፣ በቆርቆሮና በማዳበሪያ ከረጢት በተሰራች አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ። 2011 ዓ.ም ገና የገባ ሰሞን ነው፣ ያንን ሞቅታ መቼም አትረሱትም፣ በእንቁጣጣሽ ቀን ቡሬና ዛላምበሳ ተከፈተ ተብሎ መሪዎቹ እዚያው ድንበሩ ላይ ታይተው ከዚያ በኋላ ከተማው ሁሉ ስለ አሰብ ብቻ የሚያወራበት ጊዜ። እኔ ያኔ ትራንዚተር ነበርኩ፣ ማለት የወደብ ጭነት ወረቀት የማስጨርስ፣ እንጀራዬ ጅቡቲና የድንበር ኬላው ጋላፊ ላይ የተንጠለጠለ ሰው፣ እና አለቆቼ «አሰብ የምር ከተከፈተ መንገዱ ከባድ መኪና ይችላል ወይ፣ ሄደህ በዓይንህ እየው» ብለው ላኩኝ። ለመንገዱ ያገኘኋቸው ሹፌር የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፣ ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በፊት ጉልበታቸውን በሙሉ አሰብ መስመር ላይ የጨረሱ፣ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው።

ሻይ ታዞ እየጠበቅን ጋሼ ወደ ምሥራቅ በጣታቸው አሳዩኝ። «ያውልህ ሙሳ ዓሊ፣ ስንት ዓመት ሳንተያይ ከረምን» አሉ፣ የድሮ ጓደኛ ያገኙ ያህል ፊታቸው በርቶ። ከአሰብ ጭነው ሲወጡ በግራ በኩል፣ ባዶ ሲመለሱ ደግሞ በቀኝ በኩል አብሯቸው ይሄድ እንደነበር ነገሩኝ። አየሁት፣ በአቧራውና በሙቀቱ ጭጋግ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ጫፉ ቆረጥ ያለ ሰፊ ተራራ ነው፣ እውነት ለመናገር ፎቶ ብታነሱት ምንም የማይወጣ ዓይነት። ኔትወርክ ለጊዜው ስለነበረ ስልኬን አውጥቼ ፈለግኩት። የጅቡቲ ከፍተኛው ተራራ ይላል፣ ሦስት አገር የሚጋሩት፣ ከፍታው 2,028 ሜትር። ይሄን ጮክ ብዬ ሳነብ ከጎናችን የተቀመጡ ሁለት ወጣት የሲኖትራክ ሹፌሮች ሳቁ፣ አንደኛው «ይሄ ነው እንዴ ተራራው? ኧረ ከቦሌም ያንሳል!» አለ። እውነቱን ነው፣ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው።

አጠገባችን ሽርጣቸውን አሸርጠው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ አንድ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። አማርኛው የገባቸው አልመሰለኝም ነበር፣ ግን ቀና ብለው ልጁን አዩትና «ከየት ነው የምትለኩት?» አሉት። ልጁም «ከባህር ነዋ አባቴ፣ ከባህር ጠለል» አላቸው። እሳቸው ትንሽ ዝም አሉ፣ ከዚያ «ባህሩ እኮ እዚህ የለም» ብለው ወደ ጋሼ ዞሩና ኤሊዳር ላይ ዝናብ ዘንቦ እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ። በቃ ይሄው ነው። ጥቅስ የሚሆን ነገር አልተናገሩም፣ እኛን ለማስተማርም አልሞከሩም፣ ዝናቡ ነበር የሚያሳስባቸው። ጥያቄው ግን እኔን አለቀቀኝም፣ ይኸው ስንት ዓመት አብሮኝ እየዞረ ነው።

## ቆጥ ላይ የወጣ ሰው

መጀመሪያ ያሰብኩት ከፍታውን ራሱን ነው። ሽማግሌው ልክ ናቸው ወይ ብዬ፣ በመለኪያ ቋንቋ ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከፍታ ከፍታ ሲል ቆጥ ላይ ወጥቶ ቁመቴ ረዘመ እንደሚል ሰው ነው፣ ከታች ያለውን ደጋ ማን ተሸከመልን? እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው እንላለን፣ ግን ከጊዮርጊስ ተነስቶ ሽቅብ የሚሄድ ሰው የሚወጣው የዚያን ሲሶ እንኳን አይሆንም። ሙሳ ዓሊ ግን ከቆላ ነው የሚነሳው፣ ጥቂት መቶ ሜትር ከፍታ ካለው ሜዳ ብድግ ብሎ ሁለት ሺውን ያልፋል። ሜዳው ላይ ለቆመ ሰው የቦሌ ነገር ምኑም አይደለም።

ወደ ደቡብ ስትሄዱ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከሙሳ ዓሊ ጫፍ ተነስታችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ደቡብ ብትወርዱ 100 ኪሎ ሜትር እንኳን ሳይሞላ አሳል ሐይቅ ትደርሳላችሁ፣ ከባህር ጠለል 155 ሜትር በታች ነው፣ ከአፍሪካ መሬት ሁሉ ዝቅተኛው። የእኛ ዳሎል አካባቢ እንኳን 125 ሜትር ገደማ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ጅቡቲ ያቺን በምታህል አገር ውስጥ፣ ጠቅላላ ስፋቷ 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ በሆነች አገር፣ ከጨው ሐይቁ እስከ ተራራው ጫፍ ከ2,100 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ከአሳል ለሚለካ ሰው ሙሳ ዓሊ ሌላ ተራራ ነው ማለት ነው።

ቁጥሩ ራሱ ደግሞ አንድ አይደለም። እኔ ያነበብኩት 2,028 ነበር፣ ሌላ ቦታ 2,021 ይላል፣ ስለ ኤሊዳር ወረዳ የተጻፈ ነገር ላይ ደግሞ 2,063 ሜትር ተብሎ አይቻለሁ። አርባ ምናምን ሜትር ማለት እኮ አስር ፎቅ የሚያልፍ ሕንጻ ነው! አንድ አገር «የመጨረሻው ከፍታዬ» የምትለው ቦታ ላይ ይሄን ያህል ልዩነት ሲኖር ግድ የሰጠው ሰው ጥቂት መሆኑን ያሳያል። ከሦስቱ ባለቤቶች ሁለቱ ደግሞ ጭራሽ አይቆጥሩትም፣ ራስ ዳሸን ከ4,500 በላይ ላላት ኢትዮጵያ ሙሳ ዓሊ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፣ ኤርትራም እምባ ሶይራ አላት፣ 3,018 ሜትር። ለጅቡቲ ብቻ ነው አንደኛ የሚወጣው።

ተራራው እሳተ ገሞራ ነው፣ ይሄን የማያውቅ ብዙ ሰው ስላለ ልጥቀሰው። ጫፉ ቆረጥ ያለ የመሰለኝ በጭጋጉ ምክንያት አልነበረም፣ የምር ተቆርጧል፣ አናቱ ላይ ካልዴራ አለ፣ እሳተ ገሞራው ተደርምሶ የፈጠረው ሰፊ ጎድጓዳ ቦታ፣ በካልዴራው ውስጥ ደግሞ ራዮላይት የሚባለው ወፍራምና ቀርፋፋ ላቫ ጉልላት ጉልላት ሰርቶ ተከምሯል። አፋር ምድር ሦስት የመሬት ቅርፊቶች፣ የኑቢያ የሶማሊያና የአረቢያ የሚባሉት፣ የሚላቀቁበት ቦታ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ አይደለም። ማንም ያላሰበው ናብሮ እንኳን፣ ኤርትራ ውስጥ ድንበሩ አጠገብ ያለው፣ ሰኔ 2003 ላይ ፈንድቶ አመዱ የአውሮፕላን በረራ አስተጓጎለ፣ ያኔ አዲስ አበባ የነበሩት ሂላሪ ክሊንተን ጉብኝታቸውን አሳጥረው ነው የሄዱት። እኛ ዜናውን የሰማነው በሳቸው በኩል ነው ማለት ይቻላል፣ አመዱ የወረደባቸው የአፋር ሰዎች ግን በዜናው ውስጥ ብዙም አልነበሩም። ይሄም አንድ መለኪያ ነው።

## 60፣ 30፣ 25

ከዚያ በኋላ ሥራ ስፈታ ስለዚያ ድንበር ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት ነገር ሁሉ ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እየመለሰ አስቸገረኝ፣ ምክንያቱም የዚያ ተራራ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ የኪሎ ሜትር ታሪክ ነው፣ እና ኪሎ ሜትሩ የሚጀምረው ሁልጊዜ ከሌላ ቦታ ነው።

ፈረንሳዮች ጅቡቲ ላይ ሆነው፣ ጣልያኖች አሰብ ላይ ሆነው፣ እርስ በርስ የተካፈሉት በ1900 እና በ1901 እ.ኤ.አ በተፈረሙ ስምምነቶች ነው፣ መስመሩ የሚነሳው ራስ ዱሜራ ከሚባለው ባህር ውስጥ የገባ ጫፍ ነው። ከባህር ተነስቶ ወደ ውስጥ። ከእኛ ጋር ደግሞ በምኒልክ ዘመን በ1908 እ.ኤ.አ ጣልያን የፈረመችው ውል አለ፣ የደንከል በረሃን የሚመለከተው፣ እሱም ድንበሩ ከባህሩ ዳርቻ ጋር ትይዩ ሆኖ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ የፈረንሳይን ግዛት እስኪነካ ድረስ ይሄዳል ይላል። ስልሳ ኪሎ ሜትር! ወንዝ የለም፣ የግጦሽ መሬት የለም፣ የጎሳ ስም የለም፣ ባህሩ ሲታጠፍ መስመሩም አብሮ ይታጠፋል። መጨረሻው ላይ ሄዶ ሄዶ ሙሳ ዓሊ አካባቢ ይደርሳል። ያንን መስመር ደግሞ መሬት ላይ ወርዶ ችካል የተከለለት ሰው አልነበረም።

እንዲህ ሆኖ ዘጠና ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ባድመ ላይ ጦርነት ተነሳ፣ ቡሬም አንዱ ግንባር ሆነ፣ ከአልጀርሱ ስምምነት በኋላ የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን ሚያዝያ 2002 እ.ኤ.አ ውሳኔውን ሲሰጥ ያቺኑ ስልሳ ኪሎ ሜትር በካርታ ላይ በጂኦሜትሪ አሰላት። ቡሬ ላይ ግን አንድ የገረመኝ ነገር አደረገ፣ ድንበሩ በሁለቱ አገሮች ኬላዎች መካከል እኩል ርቀት ላይ ያልፋል አለ። ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ምክንያቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ከባህር ሳይሆን ከኬላ ለኩት፣ ከገመድና ከሁለት ዘበኛ። እኔ ዕድሜዬን ኬላ ላይ ወረቀት ይዤ የቆምኩ ሰው ስለሆንኩ ይቺ ውሳኔ ከሁሉም የበለጠ እውነት ያላት መሰለኝ።

ወደ ኋላ ልመለስና፣ 1928 ዓ.ም። ጣልያን ወረረን ስንል ሁላችንም ማረብን ነው የምናስበው፣ መስከረም 22፣ የጣልያኑ ጄኔራል ዴ ቦኖ ወንዙን ተሻገረ፣ አድዋ በአውሮፕላን ተደበደበች። ከዚያ በአንድ ቀን ቀድሞ፣ መስከረም 21፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ጄኔቫ ላለው የመንግሥታት ማኅበር ቴሌግራም ልኮ ነበር፣ የጣልያን ወታደር ከሙሳ ዓሊ በስተደቡብ በአውሳ በኩል ድንበር ጥሶ ገባ ብሎ። ይሄ ነገር ሲገባኝ ቆም ብዬ አሰብኩ። በዚያ ዘመን ጃንሆይ ጠብ አጫረ እንዳይባሉ ወታደራቸው ከድንበሩ 30 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ አዘዋል፣ ይሄንኑም ለማኅበሩ አሳውቀዋል። ሰላሳ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ! በሌላ አነጋገር ተራራውን ለጣልያን ባዶ አድርገን ነው የጠበቅነው፣ ጄኔቫ ይታዘበናል ብለን፣ ከዚያ ባዶው ላይ ሲገቡ ጄኔቫ ጻፍን። ፖለቲካው ይገባኛል፣ ሌላ ምርጫ ነበራቸው ወይ ብትሉኝ የሚመስለኝ አልነበራቸውም። ብቻ ያ ሰላሳ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሰዎች ነበሩ፣ ግመልና ፍየል ነበረ፣ ለእነሱ ወደ ኋላ ራቁ የሚል ትዕዛዝ የደረሳቸው አይመስለኝም።

ከወረራው ዘጠኝ ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ጥር 1935 እ.ኤ.አ፣ ፈረንሳይ ከጅቡቲ ሰሜናዊ ጫፍ ቆርሳ ለሙሶሊኒ ልትሰጥ ሮም ላይ ተፈራርማ ነበር፣ ነገሩ ሳይጸድቅ ቀረ እንጂ። ማን ማንን ጠየቀ? ማንም። ጣልያን አገሩን ከያዘች በኋላ ደግሞ ጋሼ ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን የአሰብ መንገድ ዘረጋች፣ ከወደቡ እስከ ደሴና ኮምቦልቻ። መንገዱም ከባህር ነው የተጀመረው።

ቀጥሎ 25። በ2000 እ.ኤ.አ ጦርነቱ ሲቆም በሁለቱ ጦር መካከል ጊዜያዊ የጸጥታ ቀጠና ተባለ፣ ስፋቱ 25 ኪሎ ሜትር፣ ሙሉ በሙሉ በኤርትራ በኩል። ለምን 25? የመድፍ ጥይት እዚያ ድረስ ስለሚሄድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ እስከ 2008 እ.ኤ.አ ድረስ እዚያ ቆየ፣ እሱ በወጣበት በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ኤርትራና ጅቡቲ ራስ ዱሜራ ላይ ተታኮሱ። ስለዚህ ሙሳ ዓሊ በሦስቱም በኩል ወታደር ሲያየው የኖረ ተራራ ነው። ከባህር 60፣ ከድንበር 30፣ ከመድፍ አፍ 25፣ ሁሉም ቁጥር አለው፣ ከተራራው ከራሱ የሚጀምር ቁጥር ግን ፈልጌ አጣሁ።

## ያላዩት አገር

አሁን ደግሞ የኛን ጉዳይ ላንሳ፣ ምክንያቱም ይሄን ጽሑፍ የምታነቡ ሰዎች ግማሹ «እና አሰብስ?» ብላችሁ እየጠበቃችሁ ነው። ከ2016 ዓ.ም መጀመሪያ ወዲህ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የቀይ ባህርን ጉዳይ በይፋ ካነሱ በኋላ፣ ሶሻል ሚዲያው በካርታ ተጥለቅልቋል። ካርታዎቹ ላይ ያቺ ስልሳ ኪሎ ሜትር እንደገና ብቅ አለች፣ «ስልሳ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው እኮ!» በሚል ቃል አጋኖ። እኔም የወደብ ጉዳይ አያገባኝም አልልም፣ ከማንም በላይ ያገባኛል፣ ዲመሬጅ፣ ማለት ኮንቴነር ሲዘገይ የሚከፈለው ቅጣት፣ በዶላር ሲቆጠር አጠገቡ ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ኮንቴነሩ ወደቡ ላይ በቆመ ቁጥር ዋጋው መጨረሻ ላይ መርካቶ ሄዶ የማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ አውቃለሁ። የአንድ አገር ጭነት በሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ በር ሲገባ ጤናማ አይደለም፣ ይሄን ለመረዳት ኤክስፐርት መሆን አያስፈልግም።

ግን ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? የኛ ነገር ተገላቢጦሽ ሆኖብኛል። ጋሼ አሰብን ያውቁታል፣ ሙቀቱን፣ የወደቡን ሰልፍ፣ ማታ ማታ ሹፌሩ ሁሉ የሚሰበሰብበትን ቦታ፣ የሚበላውን አሣ፣ እና ስለ አሰብ ሲያወሩ ስለ ሰዎች ነው የሚያወሩት፣ እገሊት የምትባል ሻይ ቤት የነበራት ሴት አሁን በሕይወት ትኖር ይሆን ዓይነት። ጨርሶ ያላዩት ልጆች ናቸው በናፍቆት የሚቃጠሉት፣ የሚናፍቁትም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የካርታ ጫፍ ነው። የመካከሉን ቢጫ ቦታ ማንም አይናፍቀውም፣ መለኪያ ብቻ ነው፣ እዚያ ለመድረስ የሚታለፍ ርቀት። ሙሳ ዓሊ እዚያ ቢጫው ውስጥ ነው ያለው።

እኔና ጋሼ ቡሬ ድረስ ሄደን መንገዱን አየን፣ ሪፖርቴን ጻፍኩ፣ አስፋልቱ የት የት እንደተበላ፣ የት ላይ ዲቱር እንደሚያስፈልግ፣ ስንት ቀን ሊፈጅ እንደሚችል። ሪፖርቱ ለማንም አልጠቀመም፣ ድንበሩ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ፣ እኔም ወደ ጋላፊዬ ተመለስኩ። ሲመለሱ ጋሼ ተራራውን ቀና ብለው አላዩትም፣ ስልክ እያወሩ ነበር፣ ለልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ላኩልኝ አልላኩም የሚል ጭቅጭቅ።

«ተራራና ተራራ አይገናኝም እንጂ ሰውና ሰው ይገናኛል» የሚለውን ተረት ጋሼ ይወዱታል፣ ቡሬ ላይ ከአንድ የድሮ የኤርትራ ሹፌር ጋር ተቃቅፈው ሲላቀሱ አሥር ጊዜ ብለውታል። እውነት ነው፣ ሰውና ሰው ተገናኘ፣ ለጥቂት ወር።

## ጅቡቲ ላይ

ጅቡቲ ስመለስ ነገሩን ለሥራ ባልደረቦቼ አነሳሁ፣ ተራራችሁን አየሁት አልኳቸው። ሙሳ ዓሊ ሲባል ሁሉም ያውቃል፣ ትምህርት ቤት ጥያቄ ሆኖ ይመጣላ፣ ከፍተኛው ቦታ ሙሳ ዓሊ ዝቅተኛው አሳል፣ ጨርሰሃል ነጥብህን ውሰድ። አሳል ያልሄደ የለም ማለት ይቻላል፣ እንግዳ ሲመጣ የሚወሰድበት ቦታ ነው። ሙሳ ዓሊ የሄደ ግን አንድም አላገኘሁም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያ ሙቀት ሲመጣ፣ ከአርባ ዲግሪ በላይ ከእርጥበት ጋር፣ አቅም ያለው ሰው ወደ አርታ ይወጣል ወይ ጎዳ ተራራ ላይ ወዳለው ዳይ ጫካ ይሄዳል፣ ከዚያም ያለፈ አቅም ያለው ሰው አዲስ አበባ ይመጣል። በአገሩ ከሁሉም ከፍ ወዳለው ቦታ ለቅዝቃዜ የሚሄድ የለም፣ ድንበር ላይ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ወታደር አለ፣ ደግሞስ ሄዶ የት ያድራል?

አንዱ ባልደረባዬ ግን፣ ዶክመንት አብረን የምንጨርስ የታጁራ ልጅ፣ አፋር ነው፣ ሌሎቹ ሲስቁ ዝም ብሎ ሰማኝ። በኋላ ጫት ላይ ቁጭ ብለን የሽማግሌውን ጥያቄ ስነግረው «ማን ናቸው? የማን ልጅ ናቸው?» አለኝ። አላውቅም፣ ስማቸውን አልጠየቅኩም አልኩት። እንዴት ሰው አግኝተህ ዳጉ ሳታደርግ ትሄዳለህ ብሎ አዘነብኝ፣ የምሩን ነው ያዘነብኝ። ዳጉ ማለት መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሁለት አፋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ በሥርዓት የሚቀባበሉት ወሬ፣ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ዝናቡ የት ዘነበ፣ የማን ከብት የት ወረደ። ሽማግሌው ጋሼን ስለ ኤሊዳር ዝናብ የጠየቋቸው ለዚያ ነበር ለካ፣ እኔ ጨዋታ ለማስቀየር መስሎኝ ነበር።

የዚህ ልጅ ቤተሰብ ከባልሆ በላይ ነው፣ ባልሆ በታጁራ ክልል ድንበሩ ላይ ያለችው ከተማ ናት። የታጁራ ወደብ በ2017 እ.ኤ.አ ከተመረቀ ወዲህ እስከ ባልሆ አስፋልት ገብቷል፣ ከዚያ ማዶ በእኛ በኩል ወደ ኤሊዳር የሚወስደው መንገድ ይቀጥላል፣ ትልቁ ሐሳብ ከደንከል ፖታሽ በዚያ በኩል እንዲወጣ ነው። እኔ ስለዚያ መንገድ የማወራው በቶን ነው፣ ሥራዬ ስለሆነ። እሱ የነገረኝ ሌላ ነገር ነው። አያቱ ዝናብ የያዘ ዓመት ላይ ፍየሎቹን ወደ ሙሳ ዓሊ ያወጣ ነበር፣ ላይ ላይ ያለው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ሳሩ ቶሎ አይደርቅም። የፍየሎቹን መንገድ ሲነግረኝ በአእምሮዬ ካርታውን ይዤ ስከተለው በአንድ ቀን ሁለት ድንበር ሲያልፍ ያዝኩት፣ እሱ ግን ሲያወራ አንድም ጊዜ ድንበር የሚል ቃል አላወጣም፣ ጉድጓድ ነው የሚጠራው፣ የዚህ ጎሳ ጉድጓድ፣ የዚያ ጎሳ ጉድጓድ፣ ከዚህ ጉድጓድ እስከዚያ ጉድጓድ ግማሽ ቀን።

«አሁንስ ይወጣሉ?» አልኩት። ከጅቡቲና ከኢትዮጵያ በኩል አዎ አለ፣ ወደ ኤርትራ ፊቱ ግን ፈንጂ ይፈራል፣ ወታደሩም አመሉ አይታወቅም፣ ስለዚህ በዚያ በኩል ያለው ሳር ቆሞ ይደርቃል። የአጎቱ ልጆች ደግሞ በዚያ በኩል ናቸው። አክስቱ ኤሊዳር ወረዳ ውስጥ ናት፣ እኛ ጋ። እንግዲህ አንድ አያት ሦስት ፓስፖርት ወልዷል ማለት ነው፣ ፓስፖርት ያላቸው ጥቂት ቢሆኑም።

ይሄን ሲነግረኝ አልፎ አልፎ የሚያናድደኝን ነገር ጠየቅኩት፣ እናንተ ታዲያ የትኛው አገር ነን ነው የምትሉት አልኩት። ጥያቄው የከተሜ ጥያቄ እንደሆነ ፊቱ ላይ አየሁት፣ ቢሆንም መለሰልኝ። እሱ ጅቡቲያዊ ነው፣ ጥያቄ የለውም፣ ደሞዙም መታወቂያውም ትምህርቱም ከዚያ ነው፣ ኳስ ሲሆንም ለጅቡቲ ነው የሚጮኸው፣ ብትሸነፍም (ሁልጊዜ ትሸነፋለች ብሎ ራሱ ሳቀ)። አክስቱም ኢትዮጵያዊ ናት፣ ቀበሌ አላት፣ ሴፍቲኔት ተመዝግባለች። ችግር የሚመጣው ሰው ሲታመም ነው አለኝ፣ ያኔ አገር አይመረጥም፣ መንገድ ነው የሚመረጠው።

አምና የአክስቱ ልጅ ምጥ ያዛት። ኤሊዳር ጤና ጣቢያ ልውሰዳት ቢል ባሏ መኪና አልነበረም፣ በባልሆ በኩል ግን አንድ ፒካፕ ወደ ታጁራ ሊወርድ ተዘጋጅቶ ነበር። ፍየል የጫነ ፒካፕ ነው፣ ፍየሎቹን አወረዷቸውና እሷን አስተኟት፣ ኬላው ላይ ያለው ፖሊስ ጎሳው ከነሱ ስለሆነ ወረቀት ሳይሆን ውሃ ነው ይዞ የመጣው። አስፋልቱ አዲስ ስለሆነ ቶሎ ወረዱ፣ ታጁራ ሆስፒታል ወለደች፣ ወንድ። በሳምንቱ ወደ ኤሊዳር ተመለሰች።

እኔ የወረቀት ሰው ነኝና ወዲያው የመጣልኝ የልደት ሰርተፍኬቱ ነው። ልጁ የት ተመዘገበ አልኩት፣ ጅቡቲ ነው ኢትዮጵያ?

«እስካሁን የትም» አለኝ፣ «አባቱ ግመል ሊያጠጣ ላይ ወጥቷል፣ ሲመለስ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ አንተን ጠይቅልኝ ብሎኛል።»